ኖር የማይባልባት መርከብ

1.

አርባ ሳንቲ ሜትር።

ክንድዎን ይዘርጉ። ከክርንዎ እስከ መሃል ጣትዎ ጫፍ ያለው ከዚህ ይበልጣል። አሁን ወለሉ ላይ በጀርባዎ ይተኙና አንድ ሰው በትከሻዎ ግራና ቀኝ መስመር ያስምር። ትከሻዎ ከመስመሩ ካለፈ ጥፋቱ የትከሻዎ ነው፤ መስመሩ አይሰፋም። ቁመቱ 183 ነው። ረጅም ከሆኑ ጉልበትዎን ያጥፉ።

እንዲህ እንዳሉ ስድስት ሳምንት ይቆያሉ። ነፋሱ ከከዳም ሦስት ወር።

አሁን መነሳት ይችላሉ። ይህችን የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ያዝ ያድርጓት፤ በኋላ እንፈልጋታለን።

2.

ፀዳለ በርጋ የሠላሳ ሁለት ዓመት ሴት ናት። በተወለደችበት ከተማ ባለ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ታስተምራለች። ከተማዋ በዚህ ጽሑፍ ስሟ እንዲነሳ አልፈለገችም፤ ስብሰባ ላይ ቢነሳላት ግን ደስ ይላታል።

ፀዳለ በዓመት አንዴ የምትሰጠው ኮርስ «የአትላንቲክ የባሪያ ንግድ ታሪክ» ይባላል። ዲኑ ዶክተር ይርጋለም እንዲሰረዝ ሐሳብ አቀረቡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሲሰርዙ ያዝናሉ። ያሏት ባጭሩ ይኼ ነው፦ ነገሩ አሳዛኝ መሆኑን የሚክድ የለም፣ ነገር ግን የእኛ አይደለም። ባሕሩ የእኛ አይደለም፣ መርከቡ የእኛ አይደለም፣ እኛ አልተሸጥንም፣ እኛም አልሸጥንም። በምትኩ «የፕሮቶኮልና የመስተንግዶ መሠረታውያን» የሚባል ኮርስ ይገባል።

ፀዳለ አልተከራከረችም። አንድ ነገር ብቻ ለመነች። ሐሙስ የሥርዓተ ትምህርት ገምጋሚ ኮሚቴ ሲመጣ የከተማው ስታዲየም ሜዳ ላይ መርከብ ላሳይ አለች። በእውነተኛ ልክ፣ በእውነተኛ ሰው። 454 ሰው ቦታ ቦታውን ይዞ አሥር ደቂቃ ከተኛ ኮርሱ ይቀጥላል። አንድ ሰው ቢጎድል ወይም አንድ ሰው ቢነሳ ራሴው እሰርዘዋለሁ።

ዲኑ በደስታ ተስማሙ። አራት መቶ ሃምሳ አራት ሰው በዚህ ከተማ ለክትባት እንኳ ተሰልፎ አያውቅም።

3.

የግርጌ ማስታወሻ (ግርጌው እዚህ ነው)፦

ለምን 454? በፈረንጆቹ 1788 እንግሊዝ አገር ንግዱን የሚቃወሙ ሰዎች አንዲት የባሪያ መርከብ በልኳ አስነደፉ። ሕጉ ለዚያች መርከብ የፈቀደው 454 ሰው ነበር። ነዳፊው ትናንሽ ጥቁር ሰዎች ቢደረድር ቢደረድር፣ ቁጥሩ ሲሞላ መርከቧም ሞላች፤ መረማመጃ ጠፋ። ሥዕሉ ብዙ አገር ዞረ።

ያቺው መርከብ ከሕጉ በፊት ከስድስት መቶ በላይ ጭና ታውቃለች። ያኛው ሥዕል የለም። እንዴት እንደተደረደሩ ሊስል የሚችል እጅ አልተገኘ ይሆናል።

4.

የድምፅ ቅጂ፤ ሰኞ ጠዋት፤ ሜዳው ላይ። ተናጋሪዎቹ ፀዳለና አቶ ደነቀ ጉንጆ ናቸው። አቶ ደነቀ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ የስታዲየሙን መስመር አርባ ዓመት በኖራ ሲያሰምሩ አንድ ማዕዘን ጠሞባቸው አያውቅም።

ደነቀ፦ በር አላት?

ፀዳለ፦ መርከቧ? ከላይ መውረጃ አላት፤ በፍርግርግ የተዘጋ።

ደነቀ፦ እንግዲያ በር የላትም በይኝ። ርዝመቷስ?

ፀዳለ፦ ሠላሳ ሜትር። ወርዷ ሰባት ሜትር ከሰባ።

ደነቀ፦ ጎሉ ሰባት ከሠላሳ ሁለት ነው። ከጎል ትንሽ ብትሰፋ ነው። ስንት ሰው አልሽኝ?

ፀዳለ፦ አራት መቶ ሃምሳ አራት። ሁለት ደርብ ነው፣ ጋሽ ደነቀ፤ ወለሉና በዙሪያው የተመታ መደርደሪያ። ጎን ለጎን እንዘርጋቸው።

ደነቀ፦ ጎን ለጎንም ሆኖ ከፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ አይወጣም። እዚያ ውስጥ እኮ ሃያ ሰው ሲገባ ዳኛው ፊሽካ ይነፋል።

ፀዳለ፦ የወንዶቹ ቦታ አርባ ሳንቲ ሜትር ነው።

ደነቀ፦ ጠባብ ነው ልጄ። አርባ አምስት ላድርገው?

ፀዳለ፦ አይሆንም። ልኩ ነው።

ደነቀ፦ ልኩ ከሆነ ልኩ ነው። እኔ በመስመር አልዋሽም። ብቻ የመጨረሻዋን፣ 454ን፣ ለእኔ ትተዪልኛለሽ። ያሰመርኩትን ልቅመሰው።

5.

የተሳፋሪ መመዝገቢያ ቅጽ

ሙሉ ስም፦ ................
ቁመት፦ ................
የጤና እክል፦ ................
ማዕረግ (ካለ)፦ ................
የሚመርጡት ቦታ፦ ከፊት / ከመሃል / ከባለሥልጣን አጠገብ

የታችኞቹ ሁለት መስመሮች የፀዳለ አይደሉም። የፕሮቶኮል ኃላፊዋ ወይዘሮ እልፍነሽ ናቸው የጨመሯቸው። ወይዘሮ እልፍነሽ በዚህ ከተማ ማን የት እንደሚቀመጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሲወስኑ የኖሩ ሴት ናቸው። ቀብር ላይ እንኳ ከቦታው ያላነሱት ሟቹን ብቻ ነው።

6.

ረቡዕ ልምምድ ነበር። ፀዳለ ስትደርስ ወይዘሮ እልፍነሽ ቀድመዋት አሥራ ሁለት ቦታዎችን በችካልና በቀይ ሪባን አጥረዋል። ምንድን ነው ብትላቸው የክብር እንግዶች ቦታ ነው አሏት። የባሪያ መርከብ ላይ የክብር ቦታ እንደሌለ በትዕግሥት አስረዳቻቸው። እሳቸውም በትዕግሥት ሰሟት።

«እና ባላምባራስ ጥላሁንን የሚያህሉ ሽማግሌ ከተማሪ እግር ሥር ላስተኛቸው ነው?» አሉ።

ፀዳለ ንድፉን አውጥታ ሪባኑ የታሰረበትን ቦታ አመሳከረች። ከፍርግርጉ ሥር ነው፤ መርከቧ ውስጥ አየር የሚገባው በዚያ ብቻ ነው። ለወይዘሮ እልፍነሽ ይህን የነገራቸው ማንም የለም። ሃያ ስድስት ዓመት የሠራ ሰው አየር በየት በኩል እንዳለ ያውቃል።

7.





8.

ሰባትን ፍለጋ ወደ ላይ የተመለሱ አሉ። አይልፉ፤ የማተሚያ ቤቱ ስሕተት አይደለም።

በአትላንቲክ ላይ የተጫነው ሰው አሥራ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ያህል ነው ይላሉ ያጠኑት። በሕይወት የወረደው አሥራ አንድ ሚሊዮን አይሞላም። ከሰባት አንድ ባሕር በላው ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ ታሪክ ውስጥም በየሰባቱ አንድ ክፍል የለም። ቁጥሩ ይቀራል፣ ቦታው ይቀራል፤ የሚጠፋው ሰውየው ነው።

ሰባት ውስጥ የነበረው ደህና ነገር ነበር። አንድ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበረበት። ስሙን አልነግርዎትም፤ የእነሱንም የነገረን የለም።

9.

አሁን ወደ ጥፋቱ።

በእኛ ዘንድ ሰው ሲገባ የተቀመጠ ሁሉ ብድግ ይላል፤ «ኖር» ይላል። የገባው «በእግዚአብሔር» ይላል፤ ኧረ ተቀመጡ ይላል፣ ኧረ አይሆንም ይባላል፣ ቦታ ይለቀቅለታል፣ አልወስድም ይላል፣ ይወስዳል። ይህን ማንም አላስተማረንም፤ ከእናታችን ጉልበት ጋር የወረስነው ነው። እዚህ ላይ የሚስቅ ካለ በሚቀጥለው ሠርግ ላይ ጉልበቱን ይጠብቅ።

ረቡዕ ዕለት ሦስት መቶ አሥር ሰው ተኝቶ ሳለ ባላምባራስ ጥላሁን ደረሱ። የዘጠና ሦስት ዓመት ሰው ናቸው፤ በትርና ጃንጥላ ይዘው ነው የሚሄዱት። ሦስት መቶ አሥር ሰው ከነኖራው ብድግ አለ። ባላምባራስ ተገርመው «በእግዚአብሔር» አሉ፤ በሕይወታቸው ይህን ያህል ሰው ከመሬት ተነስቶላቸው አያውቅም። ሰዉ ሲመለስ ግማሹ ቦታውን አጣ። እንደገና አደላድለው አስተኙት። ዲኑ ገቡ። ብድግ። አንድ ቄስ ገቡ። ብድግ። የስታዲየሙ ሥራ አስኪያጅ ገቡ፣ ቁልፍ ረስተው ወጡ፣ ተመለሱ። ሁለት ጊዜ ብድግ።

በአንድ ሰዓት ውስጥ መርከቧ አሥራ አንድ ጊዜ ባዶ ሆነች። ያልተነሳ አንድ ተማሪ ነበር፤ እሱንም እንቅልፍ ወስዶት ነው።

ዲኑ ለነገ እንዳትጨነቅ ፀዳለን አጽናኗት። አዲሱን ኮርስ ማስተማር ትችላለች፤ ዛሬ ጥሩ መግቢያ አይታለች።

10.

ኖር።




በእግዚአብሔር። ይቀመጡ።

11.

ፀዳለ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እናቷ ቤት የዕድር ሴቶች ተቀምጠዋል። አቶ ደነቀ ገቡ፤ ከጎረቤት ጋር የተካረረበትን የአጥር ወሰን እንዲለኩ ተጠርተው ነው። ልጅቷ እንደለመደችው ብድግ አለች። «ኖር» ልትል አፏን ስትከፍት ከኋላዋ አንድ እጅ ቀሚሷን ጎተተው። የእናቷ እጅ ነበር። ቁጭ አለች። ዙሪያዋን ብታይ የተነሳ ሰው የለም። አቶ ደነቀ በሩ አጠገብ ያለችው ዱካ ላይ ተቀመጡ። ማንም አላሳያቸውም፤ ያውቋታል።

ሲሄዱ ለምን ብላ ጠየቀች። እናቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የእሱ አያት በነጋዴ ተነድታ የመጣች ናት አለቻት፤ ለእነሱ አይነሱም።

«ያ ድሮ አይደል እንዴ?»

«አዎ» አለች እናቷ፤ «ከድሮ ጀምሮ ነው።»

ክፉ ሴት አልነበረችም። ለደነቀ ከምሳዋ ታካፍላቸው ነበር። ብቻ አትነሳም።

ባርነት በዚህ አገር በዐዋጅ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው። ዐዋጁ የቤት ውስጥ መነሳትና መቀመጥን ለዕድር ሴቶች ትቶታል።

12.

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ሲበተን አቶ ደነቀ ባልዲያቸውን ይዘው የተረገጠውን መስመር ማደስ ጀመሩ። ፀዳለ ገመዱን ያዘችላቸው። ሰዉ ስንት ጊዜ እንደተነሳ ጠየቋት፤ አሥራ አንድ አለቻቸው።

«እኔም ዛሬ ስንቴ ገባሁ ወጣሁ» አሉ ጎንበስ እንዳሉ፤ «ኖራ ላመጣ፣ ገመድ ላመጣ። መስመሩን ያበላሸሁት እኔ አይደለሁም፤ በእኔ መምጣት የደከመ ጉልበት የለም።»

እንደ ቀልድ ነው ያሉት። እንደ ቀልድም ለመሳቅ ሞከረች። ፀዳለ ስለዚህ ጉዳይ አርባ አንድ ዋቢ መጻሕፍት ያሉት ጽሑፍ ጽፋለች፤ አንዱም ገመዱን ይዞ የቆመ ሰው ምን እንደሚል አልነገራትም።

«ጠብቂው እንጂ» አሉ። «ገመዱ ላላ።»

13.

ለተሳፋሪዎች የወጣ ማስታወቂያ

መርከቧ ላይ ኖር የለም። ለዲን የለም፣ ለቄስ የለም፣ ለኮሚቴ የለም። የተኛህ አትነሳም። የተኛሽ አትነሺም። አንቱ የተባሉትም አይነሱም። የገባ ሰው ቦታውን ፈልጎ ይተኛል። እዚያ የነበሩት እናታቸው ብትገባ እንኳ መነሳት አይችሉም ነበር።

ሪባን ተከልክሏል።

ወይዘሮ እልፍነሽ ማስታወቂያውን አንብበው ይህ ባህል ማጥፋት ነው አሉ። ዲኑም ኮሚቴ ሲገባ ተኝቶ መጠበቅ በደብዳቤ የሚያስጠይቅ ነገር መሆኑን አሳሰቡ። ነገሩን የቆረጡት ባላምባራስ ናቸው። ወረቀቱን ክንዳቸውን ዘርግተው ከሩቅ አነበቡት።

«ዘጠና ሦስት ዓመት ስነሳ ስቀመጥ ኖሬያለሁ» አሉ፤ «ጉልበቴ ይህን ዐዋጅ ሲጠብቅ ነበር።»

ሐሙስ መጀመሪያ የተኙት እሳቸው ሆኑ። ቁጥር 2። ቁጥር 1 የፀዳለ ነው።

14.





15.

ሐሙስ መርከቧ ሞላች።

እንዴት ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ ባላምባራስ ተኙ ሲባል ከተማው ቆሞ መቅረት አፈረ። የገበያ ሴቶች መጡ፣ የባጃጅ ሾፌሮች መጡ፣ ሁለት የእግር ኳስ ቡድኖች ከነተጠባባቂዎቻቸው መጡ። አቶ ደነቀ በዳር በዳር እየዞሩ የተረገጠ መስመር ያድሳሉ።

«አንቺ፣ ክርንሽን ሰብስቢ።»

«የት ልውሰደው?»

«ወደ ክልልሽ።»

ዲኑ 37 ላይ በካፌው አስተናጋጅና በሁለተኛ ዓመት ተማሪ መካከል ተኝተዋል።

«ዶክተር ይቅርታ፣ እጄ ከሥርዎ ገባ።»

«ያንተ ነው እንዴ? የራሴ መስሎኝ ነበር።»

ወይዘሮ እልፍነሽ 212 ላይ ናቸው። ማን ከማን በላይ እንደተኛ ለማየት አንገታቸውን ቀና ሲያደርጉ የጎረቤታቸው ትከሻ መለሳቸው።

16.

ሰዉ ተኛ። ፀዳለ የሰማችው ይኼን ነው፦

ሳል።

ከመጀመሪያው የተጋባ ሌላ ሳል።

ልትስቅ ጀምራ የተወችው አንዲት ልጅ።

የማን እንደሆነ የማይለይ የልብ ምት።

ባላምባራስ፣ ለራሳቸው፦ «እንዲህ ነበር?»

17.

ኮሚቴው አሥር ሰዓት ላይ ገባ። ሦስት ሰዎች ናቸው። ሰብሳቢው ከበሩ ሁለት እርምጃ እንደገቡ ቆሙ፤ እንደ ልማዳቸው ሰዉ እንዲነሳላቸው ጊዜ ሰጡ። አራት መቶ ጉልበት ሲሸመቀቅ ተሰማ። የሚነሳ ግን አልነበረም።

«በእግዚአብሔር» አሉ ሰብሳቢው።

ማንም ምንም አላላቸውም ነበር። ከልማድ ነው ያመለጣቸው። ለሌለ ኖር የተመለሰ በእግዚአብሔር ሜዳው ላይ ተንከራትቶ ጠፋ፤ ፀዳለም ሰማይ ሰማይ እያየች ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቋ ሕጉን እንዳያፈርስባት።

ሰብሳቢው አስቆጠሩ። አራት መቶ ሃምሳ ሦስት። ሰዓታቸውን አዩ፤ ደግ ሰው ነበሩ። ጀምሬያለሁ፣ ጎዶሎው ይግባ፣ ሌላው ንቅንቅ ካለ ግን አለቀ አሉ።

18.

«ደነቀ!» አሉ ዲኑ ከመሬት፤ «ምን ይገትርሃል፣ ና ግባ እንጂ።»

ዲኑ ከአቶ ደነቀ በሃያ ዓመት ያንሳሉ።

19.

አቶ ደነቀ ባልዲውን አስቀመጡ። ቧንቧው ጋ ሄደው የእጃቸውን ኖራ ታጠቡ፤ ወደ ሰው ሲገባ እጅ ይታጠባል። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከቧንቧው እስከ 454 ያለው መንገድ በመርከቧ ዳር፣ በሁሉም ራስጌ ያልፋል። እርስዎም ይህን ተቀምጠው እያነበቡ ከሆነ በእርስዎም በኩል ያልፋል። መጀመሪያ ላይ ያዝ ያድርጓት ያልንዎት ዐረፍተ ነገር፣ «አሁን መነሳት ይችላሉ»፣ ለዚህ ነበረች።

መጡ።

ማንም አልተነሳም።

ፀዳለ ያን ጊዜ ገባት። ሕጓ እንዲህ ተሳክቶ አያውቅም። ለባላምባራስ አለመነሳት ዐዋጅ ጠይቋል። ለኮሚቴው አለመነሳት ድፍረት ጠይቋል። ለደነቀ አለመነሳት ምንም አልጠየቀም፤ አንድ ጉልበት እንኳ አልተሸመቀቀም። ከተማው በአርባ ሳንቲ ሜትር ውስጥ ተጨንቆ የተማረውን ደነቀ ላይ ሲደርስ ሳይማር ያውቀው ነበር።

20.

ሰዓቱ ሦስት ደቂቃ በልቷል። ሰባት ይቀራል።

ዝም ካለች ኮርሱ ይኖራል፤ በየዓመቱ ሰሌዳ ፊት ቆማ ሰው መነሳት የማይችልበትን መርከብ ታስተምራለች። ከተነሳች ኮርሱ የለም፤ ቃሉ የራሷ ነው፣ በራሷ አፍ ነው የወጣው።

አቶ ደነቀ ቁጥር 1 ጋ ደረሱ። መስመሯን እንዳይረግጡ እግራቸውን አነሱ።

ፀዳለ ክርኗን ሣሩ ላይ ተከለች። ከኋላዋ የሚጎትታት እጅ አልነበረም። ከጎኗ ባላምባራስ አንገታቸውን አቀኑ፤ አዩዋት፤ ቀና ብለው የሚያልፈውን ሰው አዩ፤ እንደገና አዩዋት።

«ልጄ» አሉ በቀስታ፤ «በትሬን ወዴት አኖርሽብኝ?»

አፏን ከፈተች።

21.